አሮጌ መዶሻ ከቁርጥራጭ ጋር በኪሎ አይሸጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጦች የጨረታ ገጽ ላይ «ያገለገሉ ዕቃዎችና ቁርጥራጭ ብረታ ብረት» የሚል ማስታወቂያ በየጊዜው ይወጣል። ከቁርጥራጩ ጋር ተደባልቀው በኪሎ የሚሄዱት መዶሻዎች፣ መጥረቢያዎች፣ መሮዎችና መላጊያዎች ግን ብዙዎቹ ቁርጥራጭ አይደሉም። ዝገቱ ላይ ላዩን ነው፤ የተሰበረውም እጀታቸው እንጂ ብረታቸው አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችና ጋራዦች ዕቃ ከማስወገዳቸው በፊት የእጅ መሣሪያዎቹን ለይተው ለሚያድሳቸው ሰው ቢሸጡ ለሻጭም ለገዥም ይበጃል። እነዚህ መሣሪያዎች ከቆራሌው እጅ ቢተርፉ እንኳ በእድሳት ስም የሚበላሹት ጥቂት አይደሉም። ዋናዎቹ አጥፊዎች እሳትና ግራይንደር ናቸው።

የተሰበረ እጀታ ብረቱ ውስጥ ሲቀር ብዙ ሰው እሳት ውስጥ ጥሎ እንጨቱን ያቃጥለዋል። የመዶሻ መምቻ ፊትና የመጥረቢያ ስለት ግን ሲሠሩ ግለው፣ በውኃ ወይም በዘይት ተነክረው የጠነከሩ ናቸው፤ ከዚያም እንዳይሰባበሩ በልክ እንደገና ሞቀዋል። ከዚያ ልክ በላይ ሲሞቁ ይለሰልሳሉ። የጸዳ ብረት 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የገለባ ቀለም ያወጣል፤ 300 ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ስለቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል። ግራይንደርም ቀጭን ጠርዝ ላይ በሰከንዶች ውስጥ እዚያው ያደርሳል፣ በዚያ ላይ የፋብሪካውን ምልክት ይፍቃል። ሻጭ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ሊያጠፋው ስለሚችል ገዥ በዓይኑ ብቻ አይመን። የደህና ሞረድ ጠርዝ በመምቻው ዳር ላይ ይሞክር፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ ከነከሰ ግን ለስልሷል።

የቀረውን እንጨት ለማውጣት እጀታውን ከብረቱ ሥር በመጋዝ መቁረጥ፣ ብረቱን ሞርሳ ላይ ማሰር፣ እንጨቱን በ5 ወይም 6 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብዙ ቦታ መብሳት፣ ከዚያ በወፍራም ብሎን ከታች ወደ ላይ መምታት ይበቃል። በእጀታው ጫፍ ላይ የተመታው ሽብልቅ (ማጥበቂያ ቁራጭ) የእንጨቱን ላይኛ ጫፍ ስለሚያሰፋው ወደ ታች ሊወጣ አይችልም። ቀድሞ የተመታ ሚስማር ካለ ፈልጎ ማውጣት ይገባል፤ አለዚያ መሰርሰሪያው ይሰበራል።

ለዝገቱ ተራ አቼቶ በቂ ነው። ብረቱ በፕላስቲክ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ፤ ከፊሉ ውጭ ከቀረ በፈሳሹ መስመር ላይ ተበልቶ ምልክት ይቀራል። 12 ሰዓት ከቆየ በኋላ ታይቶ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ፣ ካልለቀቀ እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በላይ አሲዱ ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን መብላት ይጀምራል። ሲወጣ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይታጠብ፣ ወዲያው ይድረቅ፣ ዘይት ይቀባ። ሳይደርቅ ከተተወ በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ ዝገት ተመልሶ ይይዘዋል። ኒኬል ወይም ዚንክ የተለበጠ ዕቃ አቼቶ ውስጥ አይገባም። የመጋዝ ምላጭም ቀጭን ስለሆነ በነጭ ጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ቢጸዳ ይሻላል።

ትልቁ ሥራ እጀታው ነው። የደህና መዶሻ ቀዳዳ መሐሉ ጠበብ፣ ላይና ታቹ ሰፋ ያለ ነው። እጀታው ከታች ይገባል፤ ሽብልቁ ላይኛውን ጫፍ ሲከፍተው መሐሉ ላይ ይታነቅና ብረቱ መውጫ ያጣል። አሜሪካዊው አንጥረኛ ዴቪድ ሜይዶል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በኒው ዮርክ ግዛት ኖርዊች ከተማ የመዶሻውን አንገት ወደ ታች ያስረዘመውም ብረቱ ከእጀታው እየወለቀ ሠራተኛውን ስላስቸገረ ነበር።

እንጨቱ ወይራ ወይም ክትክታ ቢሆን ይመረጣል። ባሕር ዛፍ የሚያገለግለው በደንብ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይኮማተርና ብረቱ ይላላል። የእንጨቱ ጭረት (የቃጫው መስመር) ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት፤ በጎን ወጥቶ ካለቀ እጀታው እዚያው ላይ ይሰበራል። በመጋዝ ከወጣ ጣውላ ይልቅ በመጥረቢያ የተፈለጠ የሚሻለው ፍልጥ ጭረቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። 450 ግራም ለሚመዝን የአናጺ መዶሻ 33 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ይበቃል።

የቀዳዳው ውስጥ በእርሳስ ወይም በጥላሸት ይጥቆር። እጀታው ገብቶ ሲወጣ የጠቆረው ቦታ ብቻ በእንጨት ሞረድ ይነካ፤ ይህን ደጋግሞ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን አቋራጭ የለውም። ሲገጠም የሚመታው ብረቱ አይደለም። መዶሻው ብረቱ ወደ ታች ሆኖ በአየር ላይ ይያዝና የእጀታው መጨረሻ በእንጨት መዶሻ ይመታ፤ ብረቱ በራሱ ክብደት ቦታውን ይይዛል። ከመግጠም በፊት ጫፉ በመጋዝ የቀዳዳውን ጥልቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሰንጠቅ፣ ሲገጠም ጫፉ ከብረቱ በላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይትረፍ፣ ደረቅ የወይራ ሽብልቅ እስኪቆም ድረስ ይመታበት። ሚስማር የሽብልቅን ሥራ አይሠራም፣ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

የላላ መዶሻ ውኃ ውስጥ የማሳደር ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። እንጨቱ ሲያብጥ ጭረቱ ከብረቱ ጋር ተጨፍልቆ ይደቅቃል፤ ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ ይላላል። የላላው ብረት በሥራ መሐል ወልቆ ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

እጀታው ቫርኒሽ አያስፈልገውም፤ ቫርኒሽ እጅ ያቆስላል። የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይጠረግ፣ ሲደርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም። ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

መምቻው ዳሩ ተደፍጥጦ ከወጣ ትርፉ በሞረድ ይወገድ፣ ጠርዙም በስሱ ይከርከም። መዶሻን በመዶሻ መምታት ክልክል ነው፤ የጠነከረው ጠርዝ ተፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል። ስንጥቅ ያለበት ብረት ደግሞ አይበየድ። ብየዳው ቢይዝ እንኳ አጠገቡ ያለው ብረት በሙቀቱ ተሰባሪ ይሆናል፣ ቀጥሎ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ቁርጥራጭ ብረት መባል ያለበት ይኸኛው ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ
አዲስ አበባ