ጥርስ ከመንቀል በፊት ስኳር ይለካ

ሰላም አዘጋጆች፣ ባለፈው ስለ ጥርስ ንፅህና ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው ግን ጥርሱ የተበላሸ ሁሉ ያልቦረሸ ሰነፍ አስመሰላችሁት። እማየ እኮ ጠዋት ጠዋት መፋቂያ ከአፏ ተለይቶ አያውቅም፣ እንደዛም ሆኖ አምና ጥርሷ ይነቃነቅ ጀመር፣ ድዷም ይደማል፣ አንድ ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) ወስደናት በ3 ወር ውስጥ 3 ጥርስ ነቀሉላት። እማማ ውሃ ይጠማዎታል ወይ፣ ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ ወይ ያላት የለም።

የተነቀለው ቦታ አልድን ሲል ሌላ ጋ ሄድን። አንድ ልጅ እግር ጤና መኮንን አፏ ደርቆ ምላሷ ሲጣበቅ አየና ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ለካ፣ በማግስቱ በባዶ ሆዷ ደገመው፣ 240 ምናምን። በባዶ ሆድ 126 እና ከዛ በላይ ደጋግሞ ከመጣ እኮ ስኳር በሽታ ነው። ለካ ስኳር ሲበዛ ድድ ኢንፌክሽን መቋቋም ያቅተዋል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ይበላል፣ የቆሰለው ድድ ደግሞ በተራው ስኳሩን አልወርድም ያሰኘዋል።

ከዛ ወዲህ የሰው አፍ ማየት ልማድ ሆኖብኛል (ሚስቴ ትስቃለች)። እኛ ሰፈር የከንፈር ጥግ ሲሰነጠቅ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ከሆነ ግን የአይረን ወይ የቫይታሚን እጥረት ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስም ይሆናል። ምላስ ገርጥቶ ልሙጥ ሲሆን ደም ማነስ ይጠረጠራል፣ ሲጠርጉት የሚለቅ ነጭ ነገር አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰውም ላይ ይወጣል ግን ያለምክንያት ከመጣ ስኳርም ኤችአይቪም መመርመር ነው። ከ2 ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ደግሞ ካንሰር እንዳይሆን መታየት አለበት። አፍ አይቶ ብቻ ግን ይሄ ነው አይባልም፣ ደሙ ይመርመር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የኛ የጎጃም እናቶች ብዙዎቹ ድዳቸው ንቅሳት ነው፣ በጠቆረ ድድ ላይ መቅላቱም መገርጣቱም በደንብ አይታይም፣ የእማየም እንደዛ ነበር። ስለዚህ ምላስና የዓይን ቆብ ውስጡን ጭምር ማየት ነው። በቀጣይ የጥርስ ሐኪም አናግራችሁ ስለዚህ ጉዳይ ፎቶ ያለው ጽሑፍ ብታወጡልን፣ ፎቶው ደግሞ እባካችሁ የተነቀሰ ድድም ይኑረው።

አንባቢያችሁ፣ ከቡሬ