ጥቅልል ሥዕል በአንድ ገጽ አይታይም

ለአዘጋጁ፦

የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በ1689 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ስላደረገው ጉዞ፣ በሠዓሊው ዋንግ ሁይ መሪነት ስለተሣሉት 12 ጥቅልሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ከጂናን እስከ ታይ ተራራ ያለውን መንገድ የሚያሳየውን ሦስተኛውን ጥቅልል በአንድ ገጽ ማተማችሁ ግን ሥራውን ጎድቶታል። ቁመቱ 68 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ወደ 14 ሜትር የሚጠጋ ሐር በገጽ ስፋት ሲጨመቅ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ቀለም የተሣሉት ተራሮች ቀጭን መስመር ይሆናሉ፤ ፈረሰኞቹማ ከነጭራሹ አይታዩም። ደግሞም እንዲህ ያለው ሥዕል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ክንድ በክንድ እየተዘረጋ ስለሚታይ፣ ተመልካቹ ራሱ ከአጀቡ ጋር ይጓዛል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝም ይኸው ነው። ስለዚህ በሚቀጥሉት እትሞች ጥቅልሉን ከፋፍላችሁ፣ ከጂናን ጀምሮ በጉዞው ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ክፍል በሙሉ ገጽ እንድታትሙልን እጠይቃለሁ።