ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፦ ኮምፒውተሩን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ የተማሪውን ኮድም ክፈቱልን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ። ደብዳቤ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፣ እጄ የለመደው ኮድ (ለኮምፒውተር የሚጻፍ ፕሮግራም) ነው፣ ስለዚህ ሐሳቤ ከተዘበራረቀ ይቅርታ። ኮምፒውተር ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ 10 ዓመት አልፎኛል፣ የግል ኮሌጅም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ሰርቻለሁ፣ እና ስለ እውቅና አሰጣጥ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

ድሮ እናንተ ኤጀንሲ ስትባሉ ነው። የምሰራበት የግል ኮሌጅ (ስሙ ይቅር) ነገ የእውቅና ጉብኝት አለ ተባለና ማታ በሚኒባስ ዴስክቶፕ መግባት ጀመረ። ከሌላ ካምፓስ የተዋሱት ነው። እኛ መምህራኑ እስከ እኩለ ሌሊት ኬብል ስንሰካ አመሸን፣ ዲኑ ሻይና ሳምቡሳ አስመጣልን፣ እንደውም እየተሳሳቅን ነበር የምንሰራው። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ማስተርስ ያላቸው የሁለት ሰዎች ሲቪ አለ፣ ሰዎቹን ግን ግቢው ውስጥ አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። በማግስቱ እንግዶቹ መጡ፣ ላቡ ሞልቷል፣ ፋይሉ ሞልቷል፣ አመስግነው ሄዱ፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ኮምፒውተሮቹም ወደመጡበት ሄዱ። በገምጋሚዎቹ አልፈርድም፣ እኔም ብሆን የምቆጥረው ያየሁትን ነው። ጥፋቱ የኮሌጁ ነው፣ ዝም ብዬ ኬብል የሰካሁት የኔም ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ዴስክቶፕ በሚኒባስ ይመጣል፣ ሲቪም ይመጣል። አራተኛ ዓመት ተማሪ ራሱ የጻፈውን ፕሮግራም ቁጭ ብሎ ሲያስረዳ ግን ያንን ከየትም ተውሰህ ለአንድ ሌሊት ማምጣት አትችልም። ላብ፣ ላይብረሪ፣ የመምህር ቁጥር መጠየቁ ይቅር እያልኩ አይደለም፣ ያለ ላብማ ምን ይማራሉ። የምለው የግምገማው ትልቁ ነጥብ የተማሪው ሥራ ላይ ይሁን ነው።

መውጫ ፈተና አለ እኮ ትሉኝ ይሆናል። አዎ አለ፣ ከ2015 ጀምሮ፣ እና እውነቱን ለመናገር ጠቅሞናል፣ ቢያንስ ማስተማር የሚባለውን ነገር በስላይድ ብቻ ጨርሶ የሚሄደው መምህር ትንሽ ደንገጥ ብሏል። ግን 100 የምርጫ ጥያቄ ነው፣ 50 ያመጣ ያልፋል። በምርጫ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ አይለካም። ባይነሪ ሰርች (በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ ለሁለት እየከፈሉ መፈለግ) ስንት ስቴፕ ይፈጃል ስትለው ሎግ ኤን ብሎ ቢ የሚያከብ ልጅ አለ፣ እስኪ ጻፈው ስትለው ኪቦርዱን እያየ ዝም ይላል። በቴሌግራም የሚዞረውን የጥያቄ ፋይል ሸምድዶ ነው የመጣው። ዲፓርትመንቶችም ያው የሚለኩበትን አውቀዋል፣ የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ላቡ ይቀርና ቱቶሪያል በቱቶሪያል ይሆናል። እኛም ብንሆን ንጹህ አይደለንም፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ፈተና በወረቀት የምንፈትን ስንቶቻችን ነን፣ ሴሚኮለን ረሳህ ብለን ግማሽ ማርክ እንቀንሳለን፣ ኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ያላየውን ኮድ።

የመመረቂያ ፕሮጀክትን ነገር ደግሞ ላጫውታችሁ። በየዩኒቨርሲቲው በር ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ጋ ሂዱ፣ "ፕሮጀክት እንሰራለን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታገኛላችሁ፣ ከነስልክ ቁጥሩ። ላይብረሪ ማኔጅመንት ሲስተም፣ ሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም፣ ስሙ ብቻ ይቀየራል። አንዴ ተማሪዎች የቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሲስተም ብለው እኛ ፈታኝ መምህራኑ ፊት ዲፌንድ ሊያደርጉ ቀረቡ። ዶክመንቱ ወደ 90 ገጽ ነው፣ ዳያግራሙ ያምራል፣ ሱፉም ያምራል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፣ ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ መዝግቡልኝ አልኩ። ሲስተሙ እምቢ አለ። ለምን ስላቸው ተያዩ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ ዳታቤዙ ደግሞ ሁለተኛ ወር ፌብሩዋሪ መስሎታል፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ጳጉሜንማ አትጠይቁኝ፣ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የት አይቶ ያውቃል። የሚብሱት ግን ሲስተሙ እምቢ ያላቸው ቀኖች አይደሉም፣ የተቀበላቸው ናቸው። መስከረም 5 ቀን 2016 ብለህ ስታስገባ ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 ብሎ ያለ ምንም ኤረር ሴቭ ያደርገዋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ዛሬን የሚቆጥረው በፈረንጅ 2023 ብሎ ነው፣ ከዛ ዕድሜ አስላ ስትለው በሳምንቱ ሰባት ዓመት ከምናምን ያለፈው ሕፃን ይሰጥሃል። ልጆቹ የሚያስተካክሉበት ቦታ እንኳን ኮዱ ውስጥ የት እንደሆነ አላወቁትም፣ ምክንያቱም ኮዱ የነሱ አልነበረም። ቢሆንም አለፉ። ፓነሉ ላይ ለሁለት ተከፍለን፣ ዶክመንታቸው ሙሉ ነው ተባለና አለፉ።

ይህን የመሰለ ጥያቄ 5 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አንድ ገምጋሚ አንድ ቀን ቢቀመጥ ስለ ዲፓርትመንቱ ከሦስት ቦክስ ፋይል የበለጠ ያውቃል።

የውጭውን ካየን፣ ኤቤት የሚባለው የአሜሪካው እውቅና ሰጪ አለ። እሱም ቁጥር ይጠይቃል፣ ቢያንስ 40 ክሬዲት ኮምፒውተር ሳይንስ፣ 15 ክሬዲት ሒሳብ፣ ሒሳቡ ውስጥ ዲስክሪት ማትና ፕሮባቢሊቲ ግድ ነው። እዚህ ላይ እኛም ብዙ የምናፍርበት ነገር የለም፣ ካሪኩለማችን ላይ ከአውቶማታ እስከ ኮምፓይለር ዲዛይን፣ ከኦፐሬቲንግ ሲስተም እስከ ኤአይ ሁሉም አለ፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው። ልዩነቱ ከዛ በኋላ ነው። ኤቤት ጋ ተመራቂው መቻል ያለበት 6 ነገር ተጽፏል፣ ችግር መተንተን፣ መፍትሔ ዲዛይን አድርጎ መስራት፣ ማስረዳት፣ የሙያ ኃላፊነት፣ በቡድን መስራት፣ ቲዎሪውን ሥራ ላይ ማዋል። ዲፓርትመንቱ እነዚህን በምን ለካሃቸው፣ ውጤቱን አይተህስ ምን ቀየርክ ተብሎ ይጠየቃል። ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት የምትጥመኝ። እኛ ጋ ብትጠየቅ መልሱ ምን እንደሚሆን አስቡት፣ አምና ዳታ ስትራክቸር የሚባለው ኮርስ ላይ ግማሹ ክፍል ወድቋል፣ ዘንድሮ ምን ቀየራችሁ? ምንም፣ ያው ስላይድ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ዓመተ ምህረቱ ብቻ ተቀይሯል። ኤቤትን አምጡልን ማለቴ አይደለም፣ ዶላሩስ ከየት ይመጣል፣ ጥያቄዋን ብቻ ውሰዱልን።

እና ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ለጉብኝት ስትመጡ የተመራቂዎቹን ስም ዝርዝር ያዙና እኛ የመረጥንላችሁን ሳይሆን እናንተ በዕጣ ያወጣችኋቸውን አስር ልጆች ከነፕሮጀክታቸው አስጠሩ። ፕሮጀክቱን ከፍተው አንድ ትንሽ ነገር ፊታችሁ ይቀይሩ፣ ያቺ የጥቅምት 30 ጥያቄም ትበቃለች። ቻትጂፒቲ ጽፎላቸው ቢሆንስ ለምትሉት፣ ይጻፍላቸው፣ የገባው ልጅ ይቀይረዋል ያልገባው አይቀይረውም፣ በቃ ይለያል። ላቡን ስታዩ ስንት ኮምፒውተር አለ ብቻ አትበሉ፣ ባለፈው ወር ስንት ሰዓት ተከፍቶ ነበር፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው በሉ። እኔ የማውቀው ላብ አለ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ፈቃድ ሲወጣ አብሮ የሚዘጋ። መውጫ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፣ ታዲያ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ ሁለት ኮድ የሚያስጽፍ ጥያቄ ቢገባበትስ? ማሽን ራሱ ያርመዋል፣ ኮዱ ራን ሲደረግ ሰራ ወይስ አልሰራ ነው። መብራት ሄደ ኔትወርክ ጠፋ የሚለው ችግር አሁንም ያለ ስለሆነ አዲስ ሰበብ አይሆንም።

ደግሞ አደራ፣ ይሄ ለግሉ ብቻ እንዳይሆን። ከላይ ያልኳችሁ የዲፌንሱ ታሪክ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሆነ ነው።

ገምጋሚ ያንሰናል፣ በጀት የለም እንደምትሉ ይገባኛል። ኢንዱስትሪው ውስጥ በየባንኩና በየሶፍትዌር ድርጅቱ የሚሰሩ ሲኒየር ዴቨሎፐሮች አሉ፣ አዲስ ምሩቅ እየቀጠሩ ከዜሮ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው፣ በዓመት ሁለት ቀን ስጡን ብትሏቸው ብዙዎቹ በነጻ የሚመጡ ይመስለኛል።

መሞከሪያ ከፈለጋችሁ የኔ ክፍል አለ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ላብ ነን፣ 38 ተማሪ በ19 ኮምፒውተር፣ ሁለቱ አይነሱም። ቀድማችሁ ብቻ አትደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር