የ1948ቱን ኅትመት ስትፈልግ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ይህን ያህል ዝም ማለቴ ያሳፍረኛልና ይቅር በለኝ። «ምን እያነበብክ ነው? አዲስ አበባ ስመጣስ አሮጌ መጽሐፍ የት ልፈልግ?» ብለኸኝ ነበር። የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ መጽሐፍ ላይ ስለሚገናኝ እሱን ይዤ ልጻፍልህ።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው፤ የግእዝን ቃል በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት። መዝገበ ቃላት ደግሞ ይነበባል ወይ ካልከኝ፣ ይኸኛው ይነበባል። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሰጡት። እሳቸውም የታተመውን ሳያዩ ካረፉ በኋላ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት አሳተሙት። አደራ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደስ ይላል።

መጀመሪያ ስትከፍተው ግራ ይገባሃል፤ ብዙ ሰው የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። ቃላቱ የተደረደሩት በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሳይሆን በአበገደ ነው፦ አ በ ገ ደ ሀ ወ ዘ ሐ ጠ የ ከ ለ መ ነ ሠ ዐ ፈ ጸ ቀ ረ ሰ ተ። እዚህ ረድፍ ላይ የሌሉትን ኀን፣ ፀን፣ ጰንና ፐን ቦታቸውን ከመጽሐፉ እይ። ይህን ረድፍ በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ ገጽ መያዣ አድርገው፤ በሳምንት ውስጥ እጅህ ይለምደዋል። ቀጥሎ፣ ቃሉ የሚገኘው በሥሩ ነው። «መጽሐፍ»ን በመ ብትፈልግ ትደክማለህ እንጂ አታገኘውም፤ መነሻውን መ ገፍፈህ ወደ ጸሐፈ መሄድ አለብህ። «ማኅደር»ም እንዲሁ ኀደረ ሥር ነው። ኀደረ ማለት አደረ፣ ተቀመጠ ነውና የቆዳው የመጽሐፍ ማኅደር «ማደሪያ» መሆኑን ያኔ ታያለህ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቃል ፈልጌ ገብቼ አሥር ቃል አንብቤ እንድወጣ ያደርገኛል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ዛሬ ሀን፣ ሐንና ኀን እንደመጣልን ስለምንጽፍ ቃሉ የለም ብለን እንዘጋዋለን። እንደ ግእዙ ግን መሀረ አስተማረ፣ መሐረ ይቅር አለ ነው። ትምህርት ከመጀመሪያው፣ ዓመተ ምሕረት ከሁለተኛው ወጣ። ሠረቀ ብርሃን ወጣ ሲሆን ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው። ስለዚህ በአንዱ ካጣህ በሞክሼው ሞክር። ከፊት ያለውን የሰዋስው ክፍልም አትዝለለው፤ ግሱ እንዴት እንደሚረባ ሳታውቅ ሥሩን አውጥተህ ማግኘት አይሆንልህም።

አሁን ወደ ፍለጋው። እኔን ስማኝና ገበያ ከመውጣትህ በፊት ቤተ መጻሕፍት ግባ። መሃል ከተማ ያለው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ነው፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። መታወቂያህን ያዝ፣ መጽሐፉን አስወጣና አራት ነገር በእርሳስ ጻፍ፦ የርዕስ ገጹ ላይ ያለውን ቃል በቃል፣ የማተሚያ ቤቱን ስምና ዓመቱን፣ የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የስሕተት ማረሚያ ገጽ ካለው እሱን። ሙሉውን ሳያዩ የጎደለውን ማወቅ አይቻልም። ሰው የተገነጠለ መጽሐፍ ገዝቶ የሚገባው ይህን አንድ ሰዓት ስለሚሰስት ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም፣ በታኅሣሥ 2014 የተከፈተው፣ ቁጭ ብሎ ለማንበብ የተመቸ ነው።

ከዚያ በእግርህ ውረድ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ብሔራዊ ቴአትርና ለገሃር። በ2016 ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የምታስታውሰው ቦታ ላይ የምታስታውሰውን ሻጭ አገኛለሁ ብለህ አትምጣ፤ አንዱን ስታገኝ ስለ ሌላው ጠይቀው፣ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ብዙዎቹ አሁን በቴሌግራምም ይሸጣሉ። መጽሐፍ በክንዳቸው ደርድረው ካፌ ለካፌ የሚዞሩትን አዟሪዎች አትናቃቸው፤ የያዙት አዳዲሱን ቢሆንም «አሮጌ መዝገበ ቃላት ካየህ» ብለህ ስልክህን ብትተውላቸው ብዙ ቤት ያዳርሱልሃል። የዚህ ጉዳቱ ዋጋው ላይ ነው፤ እንደምትፈልገው ከታወቀ ይወደዳል። ጊዜ ካለህ ስሙን ሳትጠራ ራስህ አገላብጥ። ጊዜ ከሌለህ ተናገርና ጨምረህ ክፈል። መስከረም ላይ ባትመጣ እመርጣለሁ፤ መደርደሪያውን የትምህርት ቤት መጻሕፍት ይይዙታል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል።

መጽሐፉ እጅህ ሲገባ ሽፋኑን እርሳው፤ ሽፋን ይቀየራል። የርዕስ ገጹን አውጣና ዓመቱን አንብብ። በግእዝ አኃዝ ፲፱፻፵፰ ካየህ ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፵ አርባ፣ ፰ ስምንት ነው፤ 1948 ማለት ነው። ቀለሙ የደከመ ገጽ ላይ ፮ እና ፯ ስለሚመሳሰሉ በደንብ አስተውል። በንጉሡ ዘመን በታተመ መጽሐፍ ላይ ዓመቱ በዘመነ መንግሥት ተቆጥሮ ብታገኘው፣ ዘውዱ የተጫነው በጥቅምት 1923 ስለሆነ በቁጥሩ ላይ 1922 ጨምር፤ ከአንድ ዓመት በላይ አትስትም። እ.ኤ.አ. የሚል ካለበት ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ቀንስ።

ቀጥሎ ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ የሚለው ነው። የስልክህን መብራት አብራና ወረቀቱ ላይ ከጎን አጋድመህ ያዘው። በብረት ፊደል የታተመ ገጽ ፊደሉ ወረቀቱን ተጭኖት ስለሚያልፍ ጎድጎድ ያለ ጥላ ይታይሃል፤ ጀርባውን በጣትህ ስትዳብሰውም ትንሽ ሻካራ ነው። የፎቶ ኮፒ ቀለም ግን ከላይ ተለጥፎ ያብለጨልጫል፣ በታጠፈበት ይሰነጠቃል፤ ገጾቹ በሚገናኙበት መሃል ጥቁር ጥላ ይኖረዋል፣ አንዳንዴም የመስመሩ ጫፍ ተቆርጧል። ለማንበብ ኮፒውም ይበቃል፤ ክፋቱ በኦሪጅናል ዋጋ ሲሸጥ ነው። በተለይ በ1975 ታትሞ ከገበያ እንደታገደው የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» ያሉትን የመጀመሪያ ኅትመት ነው ሲሉህ ይህን ሁሉ ሳትፈትሽ ገንዘብ አታውጣ።

ከዚያ ገጽ ቁጠር። ሁሉንም ቁጠር አልልህም። መጽሐፍ የሚሰፋው ብዙ ጊዜ 16 ገጽ አንድ ላይ እየታጠፈ ስለሆነ ሲጎድልም ሲደገምም በ16 ነው። ከ96 ቀጥሎ 113 ካገኘህ አንድ እጥፍ ሙሉ ወድቋል ማለት ነው። ስለዚህ 16፣ 32፣ 48፣ 64 እያልክ ማዞሪያዎቹን ብቻ እያየህ እለፍ። ለትልቅ መዝገበ ቃላት እንኳ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መጨረሻውን ከጻፍከው ቁጥር ጋር አስተያይ፤ የፊትና የኋላ ገጾች ቶሎ የሚወድቁ ናቸው። መሃሉን ስትከፍተው ክር ከታየህ ደግ ነው። ሙጫ ብቻ ከሆነና ቋ ካለ ቅጠሎቹ መርገፋቸው አይቀርም።

የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካየህበት መልሰህ አስቀምጠው። ማኅተሙ በርዕስ ገጹ ላይ ተፍቆ መሃል ላይ ሌላ ገጽ ላይ ሊገኝ ይችላል። የሕዝብ መጽሐፍ ነው፤ የሚገዛው ስላለ ነው የሚሰረቀው። የብራና መጽሐፍ ቢያሳዩህም እንደዚሁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ቅርስ ነውና የሱቅ ዕቃ አታድርገው።

ቤት ስትደርስ ከሌሎቹ መጻሕፍት ጋር ወዲያው አትደባልቀው። ብል የበላው ቀዳዳ ካለበትና ሲያራግፉት ትኩስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነፍሳቱ አሁንም አሉ። ደረቅ መሆኑን አረጋግጠህ በላስቲክ ጠቅልልና አየሩን አስወጥተህ ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አኑረው። ስታወጣው ላስቲኩን ሳትፈታ አንድ ቀን አቆየው፤ ቶሎ ከፈታኸው ጤዛ ይይዘዋል። እርጥብ ከሆነ ግን ፍሪዘሩን ተወውና በየሃያ ገጹ ነጭ ሶፍት እያስገባህ ጥላ ውስጥ አቁመው፤ ፀሐይ ያጣምመዋል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፍ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ፊደሉን ይበላል። በስስ ወረቀትና በቀጭን የስንዴ ሙጫ ይበቃል።

እኔ አሁን የምፈልገው የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው፤ ከኪዳነ ወልድ ጎን ቢቀመጥ ሁለቱን እያስተያየሁ አነብ ነበር። አንተም ጋ ባሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ካየኸው የርዕስ ገጹንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ክሩንም እይልኝ። የምትመጣበትን ቀን ንገረኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ አራት ኪሎ እጠብቅሃለሁ።

ናፋቂ ወዳጅህ