ካሜራውን የምከፍተው እኔ አይደለሁም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ካሜራ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ይህን ያስጻፈኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አውቶቡሱ ልጆች ለማውረድና ለመጫን ሲቆም፣ ሳይቆም ያለፈውን መኪና የአውቶቡሱ ሾፌር በካሜራ አንሥቶ ለቅጣት ይልካል ብላችኋል።

እኔ በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ማንንም አንሥቼ፣ ማንንም ልኬ አላውቅም። ቀይ መብራቱ በርቶ በአውቶቡሱ ግራ ጎን ያለው የ«ቁም» ምልክት ሲዘረጋ ካሜራው በራሱ ይቀርጻል። ቪዲዮውን ተመልክቶ ጥፋት መኖሩን የሚያረጋግጠው ፖሊስ ነው። የ250 ዶላሩ ቅጣት የሚላከው መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው ሲሆን፣ በመንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አያስይዝም። ከዚያ ገንዘብ ወደ እኔ የምትመጣ አንዲት ሳንቲም የለችም። በዚያች ደቂቃ የእኔ ዓይን ያለው በልጆቹ እግር ላይ ነው፤ ሰሌዳ ቁጥር ለመልቀም ጊዜ የተረፈው ሾፌር ሥራውን ትቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ስልክ መደወል ይበቃችሁ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንድ የማከብራቸው ሰው ሰላምታዬን ሳይመልሱ «ወገንህን እያስቀጣህ ነው እንጀራ የምትበላው?» አሉኝ። ልጆቼ አጠገቤ ቆመው ነበር። ጆሮ ጠቢን ሸሽቶ ከአገሩ ለወጣ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ ማስረዳት አለብኝ?

የተቀጡ ሦስት ሰዎች አነጋግራችኋል። ከመካከላችን ስንቱ ይህን መሪ ጨብጦ እንደሚያድር እያወቃችሁ ግን አንድ ሾፌር፣ ልጇን ጠዋት የምትሸኝ አንዲት እናት እንኳ አልጠየቃችሁም። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ያለፈውን ጥር እነግራችሁ ነበር። ገና አልነጋም። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልትሻገር ሁለት እርምጃ እንደሄደች ከፊት ለፊት የመጣ መኪና ሳይቆም ጥሶ አለፈ። የአውቶቡሴን ጡሩምባ ሰምታ ባትመለስ ኖሮ ዛሬ ስለ ካሜራ አልጽፍም ነበር። እጄ እስከ ቀትር ተንቀጠቀጠ።

መንገዱ መሃል ላይ በቀለም የተሰመረ የመታጠፊያ መስመር ብቻ ነበረው። ብዙ ሰው ይህን እንደ አካፋይ ይቆጥረዋል፤ አይደለም። ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣ ሁሉ መቆም አለበት። ከፊት ለፊት የሚመጣው የማይቆመው መንገዱ በግንብ ወይም በሣር መደብ ሲለያይ ብቻ ነው። አንባቢውን ከቅጣት፣ ልጅቷንም ከሞት የሚያድነው ነገር ይህ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ማረሚያውን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልኝ። እኒያ ሰው ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ያነባሉ።

አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር
ከሲልቨር ስፕሪንግ