ዝርካክስ የማን ልጅ ነው?

ውድ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በሥነ ጽሑፍ ገጻችሁ ያወጣችሁትን አጭር ልብ ወለድ አነበብኩት። ከሌላ ፕላኔት የመጣ መንኮራኩር ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ያርፋል፣ መንገዱ ይዘጋጋል፣ ወያሎቹ ስለ መቆሚያ ቦታ ይሟገታሉ። እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት። ደራሲው ከተማውን ያውቃል (ወይም ታውቃለች፣ ስሙ በምህጻር ስለወጣ መለየት አልቻልኩም)። ከዚያ የመንኮራኩሩ በር ተከፈተና አዛዡ ብቅ አለ። ስሙ ዝርካክስ። ምክትሉ ደግሞ ቭ'ቶር። መሃል ላይ ያለችውን ጭረት እኔ አልጨመርኳትም፣ እንዲያው ነው የታተመው።

ለመሆኑ ዝርካክስን ማነው እንዲህ ብሎ ስም ያወጣለት?

"ልብ ወለድ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?" የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ስሙን ነው። ስሙ ከተበላሸብኝ መንኮራኩሩንም አላምነውም። እኛ አገር ደግሞ ስም ያለ ምክንያት አይወጣም። ከፊቱ የተወለደው የሞተበት ልጅ ምትኩ ይባላል፣ ካሳ ይባላል። ጠላት የበዛበት አባት ልጁን ደምሰው ይለዋል፣ በላቸው ይለዋል። አንዳንዱ ስም ትእዛዝ ነው፣ አንዳንዱ ጸሎት፣ አንዳንዱ ደግሞ ለጎረቤት የተወረወረ ነገር ነው፣ ጎረቤትየውም ይገባታል። ከአባት ስም ጋር ሲገጣጠምማ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚሆን አለ። ከሌላ ዓለም የመጣው ፍጡርም ወላጅ ይኖረዋል፣ ወይ እንቁላሉን የጠበቀለት ዘመድ። ያ ወላጅ ምን ተመኘ? ምን ፈራ? በዚያ ዓለም ልጅ በስንት ዓመቱ ነው ስም የሚያገኘው? አንድ ብቻ ነው ወይስ ሲያድግ ይቀየርለታል? ደራሲው ቁጭ ብሎ ይህን ቢያስብ፣ ስሙ ፍለጋ ሳያስፈልገው ይመጣለት ነበር።

ዝርካክስ ከየት እንደመጣ ግን አልጠፋኝም። ከእንግሊዝኛ ነው የመጣው። እንግሊዝኛ ውስጥ ዜድ እና ኤክስ እንደ ሌሎቹ ፊደላት ብዙ አይገኙም፣ ስለዚህ ለእነሱ ጆሮ ትንሽ ባዕድ ይመስላሉ፣ ደራሲዎቻቸውም ሲፈልጉ ይጠቀሙባቸዋል። ለእኛ ግን ዘ ምኑ ነው ባዕድ? ዘነበ፣ ዘውዴ፣ ዘሪሁን እያልን አይደል እንዴ ያደግነው!

ጭረቷም እንደዚያው ናት። ማርክ ኦክራንድ የተባለው የቋንቋ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የስታር ትሬክ ፊልም ክሊንጎን የተባሉትን የሌላ ዓለም ፍጡራን ቋንቋ ሲያበጅ፣ ጭረቷን እንደ አንድ ፊደል ነው የቆጠራት። ጉሮሮ ላይ ድምፅ ቁርጥ የሚልበትን ቦታ ታሳያለች። የላቲን ፊደል ለዚያ ድምፅ የራሱ ምልክት ስለሌለው ነው። እኛ አ አለችን። መአት ስንል መሃል ላይ የምትሰማው እሷ ናት። ታዲያ ቭ'ቶር ውስጥ ጭረቷ ምን ልትሠራ ገባች? ለፋሽን ካልሆነ በቀር።

ይበልጥ የሚያስቀኝ አቫታር ነው። ፖል ፍሮመር እ.ኤ.አ. በ2009 ለወጣው ለዚህ ፊልም ናቪ የተባሉትን ሰማያዊ ፍጡራን ቋንቋ ሲሠራ፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ እንግዳ የሚሆኑ ሦስት ድምፆች አስገባበት። በላቲን ሲጽፋቸው ፒ፣ ቲ እና ኬ ላይ ኤክስ ይጨምርባቸዋል። ምን መሰሏችሁ? የእኛው ጰ፣ ጠ እና ቀ ናቸው! ተዋናዮቹ ከሰማያዊ ፍጡር አፍ እንዲወጣ ብለው ያጠኑትን ድምፅ፣ እዚህ "ጠጅ ቅዳልኝ" የሚል ሁሉ ያለ ምንም ልምምድ ይለዋል።

ስለዚህ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ የሚሆነውን እዚሁ መፈለግ ነው። አማርኛ ውስጥ ኘ መሃልና መጨረሻ ላይ ሞልቷል፤ በኘ የሚጀምር ቃል ግን ከስንት አንዴ ቢገኝ ነው። ኞሬ የሚባል ፍጡር ከመንኮራኩር ቢወርድ እኔ ወዲያው ጆሮዬ ይቆማል። ለመጥራት አይከብድም፣ ግን ከየትኛውም ሰፈር ልጅ ጋር አልምታታውም። ደራሲው ሌላም ሕግ ለራሱ ሊያወጣ ይችላል፤ የዚያ ፕላኔት ሰዎች ከንፈር የላቸውም ካለ መ፣ በ እና ፈ ከስማቸው ሁሉ ይውጣ። ከዚያ አሥር ስም ብትሰጡኝ የማን ወገን እንደሆነ ከድምፁ እለየዋለሁ።

ፈረንጆቹ እኮ ራሳቸው ስም ሲቸግራቸው ወደ ሩቅ አገር ነው የሚሮጡት። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ለጻፈው የሐበሻ ልዑል ታሪክ ራሴላስ የሚለውን ስም ያገኘው ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ስዕለ ክርስቶስ ነው። የስታር ዋርሷ ፕላኔት ታቱዊን ስሟ ቱኒዝያ ውስጥ ካለችው ከታታዊን ከተማ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የዚያው ተከታታይ ፊልም ላይ ደግሞ ላንዶ የተባለው ገጸ ባሕርይ ረዳት አብራሪ የሆነው ባለ ትልቅ ጉንጩ ፍጡር የሚናገረው ኪኩዩ ነው፤ ድምፁን የሰጠው ኬንያዊ ተማሪ ነበር። አሜሪካ ያለው ተመልካች የሌላ ዓለም ቋንቋ መስሎት ሲያዳምጥ፣ ናይሮቢ ያለው ሰው የጎረቤቱን ቋንቋ ይሰማል። ለእነሱ ሩቅ የሆነው እኛ ነን። ያንኑ ገልብጠን መልሰን ማምጣት ግን ምን ይሉታል?

ስም አወጣጥ ማየት የሚፈልግ ደራሲ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው አጽም በሳይንቲስቶቹ መዝገብ ኤ.ኤል. 288-1 ናት። ማታ ካምፑ ውስጥ ደጋግመው ከሚያዳምጡት የቢትልስ ዘፈን ተነሥተው ሉሲ አሏት። እኛ ደግሞ ድንቅነሽ አልናት፣ ፊት ለፊት ቆመን እንደምናናግራት። አንዲት ፍጡር፣ ሦስት ስም ሰጪ። ማን በምን ስም እንደጠራት ሲታይ ሰዎቹም አብረው ይታወቃሉ። የደራሲያችን አዛዥም እንዲሁ ከአንድ በላይ ስም ቢኖረው ምናለበት? ፌደራል ፖሊሱ በቁጥር ይመዝግበው፣ ሕፃናቱ ቅጽል ስም ያውጡለት፣ የራሱ ወታደሮች ደግሞ በመንኮራኩሩ ስም ይጥሩት። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ፈረሳቸው ላይ የተቀመጡት አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ አይደሉም እንዴ? የጦር አለቃን በፈረሱ ስም መጥራት ለመንኮራኩር አዛዥ በልኩ የተሰፋ ነው፣ እስካሁን ማንም ሲጠቀምበት አለማየቴ ነው የሚገርመኝ።

የመኖሪያ አድራሻ ከተፈለገም ተዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ከመቶ ለሚበልጡ አገሮች አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት ስም እንዲያወጡለት ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ ነው። ዛሬ በይፋ ቡና ይባላል፣ ፕላኔቱም አቦል። ሌላ ፕላኔት ቢገኝ ቶና፣ ሦስተኛ ከተጨመረ በረካ ብለን እንቀጥላለን። አቦል ከጁፒተር የሚከብድ ግዙፍ ፕላኔት ነው፣ ኮከቡን አንዴ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። የሚቆሙበት መሬት ስለሌለው ደራሲው ጨረቃ ፈጥሮለት ሰዎቹን እሷ ላይ ማስፈር ይሻላል። ይህ ሁሉ እያለ የዝርካክስ ፕላኔት "ኦሜጋ ዘጠኝ" ተባለ። አይ!

የመጨረሻው ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ገና ብዬ ስጽፍ በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የሚለው፣ የምታውቁት ከዙሪያው ነው። ሰምተነው የማናውቀው ስም ግን ዙሪያ የለውም። ዝርካክስን እኔ አንድ ዓይነት አነበብኩት፣ እህቴ ሌላ፣ ቢሮ ያሉ ጓደኞቼም አልተስማሙም። የሰዋስው መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ ያደርጉበታል፣ ስሙ መጀመሪያ በሚጠራበት ቦታ እናንተም ብታደርጉት ወረቀቱ አይጠብም። ነጥቡ ለኅትመት ካስቸገረ ደግሞ ለደራሲው ንገሩት፤ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ስሙን አጥብቃ ትጥራው፣ አዛዡም ስኒውን አስቀምጦ "ላላ አድርጊው" ይበላት።

አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ