ጦስኙን ከነሥሩ አንንቀለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት በገባ ቁጥር በየቤቱ ስለሚፈላው የቅጠላ ቅጠል ሻይ ብዙ ይወራል። የትኛው ለጉንፋን፣ የትኛው ለሳል፣ የትኛው ለሆድ ቁርጠት እንደሚበጅ የማይመክር ሰው የለም። ቅጠሉ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሰበሰብ የሚያነሳ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። የምኖረው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ የክረምቱ ጭጋግ አልፎ የኅዳር ውርጭ የሚተካባት በመሆኗ ትኩስ ነገር ሳይቀመስ የሚታደርበት ቤት ጥቂት ነው። በዙሪያችን ያሉት ተራሮች ደግሞ የጦስኝ አገር ናቸው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዋናነት ስለ ጦስኝ ነው፤ ሌሎቹን የማነሳቸው የእርሱ ችግር ከእነርሱ የተለየ መሆኑ እንዲታይልኝ ነው።

በክረምት የምንጠጣቸው አብዛኞቹ ዕፅዋት ሰው ተክሎ የሚንከባከባቸው ናቸው። ጤና አዳም ከጓሮ ተቀንጥሶ ስኒ ውስጥ ይገባል፤ ምች ሲመታ የሚታሸው ዳማከሴ ከአጥር ጥግ አይጠፋም፤ ጠጅ ሣርም አንድ ጊዜ ከተተከለ በተቆረጠ ቁጥር መልሶ ያቆጠቁጣል። ሽፈራው በኮንሶ እርከኖች ላይ ከማሽላው ጋር አብሮ የሚኖር ዛፍ ነው። በሐረር ቁጢ፣ በከፋና በአካባቢው ጨሞ የሚባሉት መጠጦች የሚፈሉት ከቡና ቅጠል ሲሆን፣ ይህ አያቶቻችን ሲጠጡት የኖሩት ነገር በ2020 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ለገበያው ከፈቀዳቸው ባህላዊ ምግቦች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ዝንጅብልም የወላይታና የከምባታ ገበሬ ሰብል ነው። እርግጥ ነው፣ ተክሎ ማሳደግም ከጉዳት አያድንም፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተነሳው የአጠውልግ በሽታ የዝንጅብል ማሳዎችን ባጠፋ ጊዜ ብዙ ገበሬ ዋና የገንዘብ ምንጩን አጥቷል። ሆኖም ያ ጥፋት ባለቤት ስለነበረው ታየ፣ ተነገረ፣ ንጹሕ ዘር ፍለጋ ተመራማሪዎች ተሰማሩበት። ጦስኝ ቢጠፋ ግን የሚጮህለት ባለማሳ የለም።

ጦስኝ በዱር የሚበቅል የደጋ ተክል ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በባሌና በሌሎችም ደጋዎች፣ በአብዛኛው ከ2,200 ሜትር በላይ፣ አፈሩ ስስ በሆነ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ መሬት ለመሬት ተስቦ ይበቅላል፤ ሲረግጡት ነው መኖሩ የሚታወቀው፣ ሽታው ብድግ ስለሚል። በአገራችን የሚገኙት ሁለቱ ዝርያዎች ከዚህ ከአፍሪካ ቀንድ ደጋማ ምድር ውጪ በተፈጥሮ አይገኙም። የአንደኛው ሳይንሳዊ መጠሪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ባረፈው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር ስም ነው። ሌሎች አገሮች የራሳቸው ጦስኝ አላቸው፤ ጀርመኖች ከሜዲትራኒያኑ ዝርያ የሳል ሽሮፕ ያዘጋጃሉ። የእኛው ግን እዚህ ከጠፋ ከሌላ ቦታ የሚመለስ አይደለም።

አሁን ወደ ገበያው ልምጣ። በክረምት የገበያ ቀን ጠዋት ሴቶችና ልጆች ጦስኙን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው ከገጠር ያመጣሉ። ጉልት ላይ በጭብጥ በጭብጥ ተደልድሎ ሲታይ ላዩ አረንጓዴ ነው፤ አንዱን ጭብጥ አንስታችሁ ብትገለብጡት ግን ከታች ጥቁር አፈር እንደያዘ የተነቀለ ሥር ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ግንድ የእርሳስ ያህል ወፍሯል። እንዲህ ዝግ ብሎ የሚያድግ፣ ከድንጋይ ጋር የሚታገል ተክል ያን ያህል ለመወፈር ብዙ ክረምቶችን አሳልፏል ማለት ነው። ገዢዋ ቤቷ ወስዳ አፈሩን ታራግፋለች፣ ቅጠሉን ትሸመጥጣለች፣ ሥሩን ትጥላለች። ለሻይ የሚሆነው ቅጠሉና አበባው ብቻ ስለሆነ ሥሩ ለገዢም ለሻጭም ምንም አይጠቅምም፤ ለተራራው ግን ሁሉ ነገሩ ነው።

ለምን ይነቀላል ብዬ ሻጮቹን ጠይቄያለሁ። መልሳቸው ቀላልና እውነተኛ ነው። በክረምት መሬቱ ስለሚረጥብ በእጅ መሳብ በማጭድ ከማጨድ ይቀልላል፤ ከነሥሩ የተነቀለው ቶሎ አይጠወልግም፤ ጭብጡም ሞላ ብሎ ይታያል። ከሚያመጡት መካከል መሬት የሌላቸው፣ ለመስከረም ደብተር መግዣ የሚፈልጉ ልጆች አሉ። እነርሱን መውቀስ አልፈልግም፤ ማንም ገዢ «የታጨደውን አምጪልኝ፣ የተነቀለ አልገዛም» ብሎ ሲናገር አልሰማሁምና። ጥያቄው ከእኛ ከገዢዎቹ መጀመር አለበት። ቀድሞ ከመንገዱ ዳር ይገኝ የነበረው ጦስኝ አሁን ወደ ላይ ወጥተው፣ ርቀው ካልሄዱ እንደማይገኝ የሚነግሩን ራሳቸው ሰብሳቢዎቹ ናቸው። ጉዳቱም በጦስኙ አያበቃም። ተዳፋቱን ጨብጦ የያዘው ሥር በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ መካከል ሲነቀል ያ ስስ አፈር የጎርፍ ሲሳይ ይሆናል፤ ንቦችም የሚወዱትን አበባ ያጣሉ።

ይህን ችግር ለመፍታት ከውጭ የሚመጣ ትምህርት አያስፈልገንም፤ ከእኛ ከሰሜን ሸዋ ሳንወጣ ምሳሌ አለን። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች ዘመን አንስቶ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት እጅግ ተፈላጊ ቢሆንም ማንም እንዳሻው አይገባበትም ነበር፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ፣ የተመረጡት አለቆች ቀን ሲቆርጡ፣ ሁሉም በአንድነት ገብቶ ያጭዳል። እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም የአካባቢው ሕዝብ በኋላ በአዲስ መልክ አደራጅቶት፣ ጓሳ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ዘልቋል። ቁም ነገሩ ሕዝቡ ሣሩን መጠቀም አለመተዉ ነው። ያጭድ ነበር፤ አይነቅልም ነበር። ማኅበረሰቡ ራሱ ያወጣው፣ ራሱ የሚያስከብረው የመሰብሰቢያ ጊዜና የመሰብሰቢያ ልክ ነበረው። ለሣር ይህን ያህል የተጨነቁ ሰዎች ልጆች ለጦስኝም እንዲሁ ማድረግ አያቅተንም፤ ጦስኝ በሚበዛባቸው ቀበሌዎች አንዱን ተዳፋት በአንድ ዓመት፣ ሌላውን በሌላው ዓመት እየከፈቱ፣ ከግንዱ በላይ ያለውን ለጋውን ብቻ በማጭድ ወይም በመቀስ መሰብሰብ በቀበሌ ስብሰባ ሊወሰን የሚችል ነገር ነው።

አጠቃቀማችንም አባካኝ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከምንጠቀምበት ባነሰ ጦስኝ የተሻለ ሻይ ማግኘት ይቻላል። ብዙ ሰው አንድ እፍኝ ሙሉ ጦስኝ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨምሮ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ያንተከትከዋል። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ቤቱን የሞላው ከስኒው የወጣው ነው። ጦስኝን ጦስኝ የሚያደርጉት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት የዘይቱ ንጥረ ነገሮች በእንፋሎት ይበናሉ። ስለዚህ ውኃው ብቻውን ይፍላና ከእሳት ይውረድ፤ ለአንድ ብርጭቆ በሦስት ጣት ቆንጠር ተደርጎ የተያዘ ደረቅ ጦስኝ ይጨመርበት፤ ወዲያው ይከደንና አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ሲከፈት ክዳኑ ሥር የተጠራቀመውን ጤዛ ወደ ብርጭቆው መልሶ ማንጠባጠብ አይረሳ፤ ከዘይቱ የሸሸው እዚያ ነው ያለው። የሻይ ቅጠል መጨመር አያስፈልግም። ማር የሚወድ ሰው ለብ ሲል ይጨምርበት። ሲደርቅም እንደዚሁ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ጠረኑን ያጣል፣ በጥላ ሥር በእስር በእስር ተንጠልጥሎ ከደረቀና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከተቀመጠ ግን ከክረምት እስከ ክረምት ያደርሳል። በዚህ መንገድ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ አሁን በአንድ ሳምንት የሚጨርሰው ጭብጥ ለብዙ ሳምንታት ይበቃዋል።

ስለ ጤናም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጤና አዳም ማሕፀንን የሚያነቃቃ ስለሆነ ነፍሰ ጡር ሴት በሻይም በቡናም ልትወስደው አይገባም፤ ይህ በየቤቱ የማይነገር በመሆኑ ያሳስበኛል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሳል በረታበት ተብሎ ማር በሻይ መስጠትም አደገኛ ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ደግሞ ምንም ዓይነት ቅጠል ቢያስታግሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ግድ ነው፤ ትንፋሹ የሚፋጠን ሕፃን ግን አንድ ቀንም ቢሆን ሻይ እየተሰጠው ቤት ሊቆይ አይገባም።

ጦስኝን ከተራራው ወደ ጓሮ ማምጣት ይቻላል፤ እንዲያውም ዛሬ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ማድረግ የሚገባን ይህንኑ ነው። ተስቦ የሚሄደው ቅርንጫፍ መሬት በነካበት ቦታ ሥር ይሰዳል። ያን ሥር የሰደደ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጦ፣ ዋናውን ተክል ሳይነኩ፣ ውኃ በማይቋጥር፣ አሸዋና ጠጠር በተቀላቀለበት አፈር መትከል በቂ ነው። ፀሐይ ይፈልጋል፣ ረግረግ አይወድም፤ ፍግ ሲበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገግና መዓዛው ይቀንሳል። አዲስ አበባም ደጋ ስለሆነች ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው በረንዳው ላይ፣ በተበሳ ጣሳ ውስጥ ሊያሳድገው ይችላል። ከአንድ ጣሳ የአንድ ቤተሰብ ሙሉ ፍጆታ ይገኛል አልልም፤ ግን ለጉንፋን ሰሞን የሚሆን አይጠፋም።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ብርዱ ሲገባ ከአገር ቤት ከሚላኩት በርበሬና ሽሮ ጎን የደረቀ ጦስኝ ከሻንጣ አይጠፋም። የአገር መዓዛ እንደሚናፍቅ አውቃለሁና አትጠጡ አልልም። የሚልኩላችሁን ዘመዶች «ሥር የሌለው፣ የታጨደ ይሁን» ብላችሁ አደራ በሏቸው። የዘወትሩን ሳል ለማስታገስ ከሆነ ግን በምትኖሩበት አገር ሱቅ የሚሸጠው የጦስኝ ዘመድ ታይሞል ያለው በመሆኑ ይሆናችኋል።

በመጨረሻ የሚመለከታቸውን ልጠይቅ። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራ ነው፤ በቅርባችንም የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልና ዩኒቨርሲቲው አሉ። የእነዚህ ተቋማት ባለሙያዎች ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ሆነው፣ ዛሬ ጦስኝ ነቅለው ለሚሸጡት ሴቶችና ወጣቶች የጦስኝ ችግኝ ማፍላትን ቢያስተምሯቸውና መትከያ ቦታ ቢመቻችላቸው፣ ገቢያቸው ሳይቋረጥ ተራራው ያርፋል። ጦስኝን አሽገው በየሱፐርማርኬቱ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ የተተከለ ይሁን ከዱር የተሰበሰበ፣ የታጨደ ይሁን የተነቀለ በማሸጊያው ላይ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፤ እኛም ገዢዎች ያልተጻፈበትን መደርደሪያው ላይ እንተወው። የዝግጅት ክፍሉም ስለ ጦስኝ አሰባሰብና አተካከል የሚገልጽ የባለሙያ ጽሑፍ በየዓመቱ በሰኔ መጀመሪያ፣ ሰብሳቢዎቹ ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት፣ ቢያትምልን ውለታው ትልቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን